የአባቴ አምስት ጥቁር ቁልፎች

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ መካነ ሰላም ሄጄ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ወጣት ኪቦርዱን በቢራ ሣጥኖች ላይ አስቀምጦ ይጫወታል። ዘፋኟ ሁለት ዘፈን ከዘፈነች በኋላ ጎንበስ ብላ «ኪው ከፍ አለብኝ» አለችው፤ የዘፈኑን መነሻ ማለቷ ነው። ወጣቱ ቀና ብሎም አላያት። በአውራ ጣቱ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አደረገና «አሁንስ?» አላት። ዜማው እንዳለ ሁለት ደረጃ ዝቅ አለ። የሴትዮዋ ፊት ፈታ አለ፤ መዝፈኗን ቀጠለች።

እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ቆሜያለሁ። መቆሜን ያወቅሁት ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ቀሚሴን ጎተት አድርገው «ምነው ልጄ፣ አመመሽ?» ሲሉኝ ነው። ደህና ነኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ደህና ግን አልነበርኩም። በዚችው ከተማ አንዲት ሴት ለዚያች ሁለት ደረጃ ጉሮሮዋን ከፍላለች። አሁን ነገሩ በአውራ ጣት ያልቃል፣ ያውም አንገት ሳይቀና!

ስለ ሙዚቃ ብዙ መጻሕፍት አንብቤያለሁ። የባሕር ማዶዎቹ ለእያንዳንዱ የድምፅ መነሻ እንደ ሰው ጠባይ ሰጥተውታል። አንዱ የፍቅር ነው፣ አንዱ የቀብር፣ አንዱ የአደን። የእኛዎቹም በቅኝቶቻቸው አያንሱም። ትዝታ የሆድ ብሶት ነው፣ አምባሰል የታሪክ ነው ይላሉ። እኔ አንዱንም አላምንም። ሙዚቀኛ አንድን መነሻ የሚወድበትን ምክንያት ማወቅ የፈለገ ሰው ልቡን ትቶ ጣቱን ይመልከት ባይ ነኝ። ይህን ደግሞ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ በነበሩት ወራት ከቤታችን ነው የተማርኩት።

አባቴ ጋሼ በላቸው በመዝገብ ቤት ይሠራ ነበር። ከዚያ በፊት፣ በቀድሞው መንግሥት ጊዜ፣ የአውራጃው ኪነት ቡድን አኮርዲዮን ተጫዋች ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ኪነቱ ተበተነ። ከበሮው የት እንደገባ አይታወቅም፤ አኮርዲዮኑ ግን እኛ ቤት አልጋ ሥር ገባ። «በአደራ ነው» ይላል አባቴ። ማን አደራ እንደሰጠው የጠየቀው ሰው የለም። ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም የንብረት ቁጥር ተጽፎበታል። ሣጥኑ ሲከፈት የአሮጌ ሙጫና የእርጥብ ቆዳ ሽታ ይወጣል። እኔ ያን ሽታ የሙዚቃ ሽታ ነው ብዬ አምን ነበር። ሬዲዮ ውስጥ ያለው ሙዚቃም አፍንጫዬን ባስጠጋ እንደዚያው የሚሸት ይመስለኝ ነበር፤ ሞክሬዋለሁም።

አባቴ የሚነካው ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ነው። ጥቁሮቹ ከብዙ ጣት የተነሳ መሃላቸው ለስልሶ ያብረቀርቃል፤ ነጮቹ ላይ ግን አቧራ ተኝቷል። በልጅ አእምሮዬ ነገሩን ቶሎ ፈታሁት። መሣሪያው የመጣው ከውጭ አገር ነው፤ ስለዚህ ነጮቹ የነጮቹ ናቸው፣ ጥቁሮቹ የእኛ። አከፋፈሉ ብቻ ከነከነኝ፤ የእነሱ በዛ። አንድ ቀን አባቴ ወደ ጓሮ ሲወጣ አንዱን ነጭ ነካሁ። አየር የሚሞላውን ወናፉን ሳልከፍት ስለነካሁት ድምፅ አልሰጠም። የተከለከለ መሆኑን በዚያ አረጋገጥኩ።

ካደግሁ በኋላ የገባኝን እዚሁ ልናገር፤ ሌላው ነገር ያለዚህ አይያዝም። አኮርዲዮን ላይ አምስቱን ጥቁር ቁልፎች ብቻ እየተከታተለ የነካ ሰው ትዝታን ያገኛል። ቢፈልግም አይሳሳትም። ማረፊያውን ትንሽ ቢያዛውር ባቲንም ያገኛል። አምባሰልንና አንቺሆዬን ግን ነጮቹን ሳይነካ አያገኛቸውም። ጥቁሮቹን ሳይለቅም መነሻውን ለዘፋኝ ጉሮሮ ዝቅ ከፍ ማድረግ አይችልም።

ያኔ የማውቀው አባቴ ስለነዚህ ነገሮች ያለውን አስተያየት ነበር። «አምባሰል የሽማግሌ ዜማ ነው» ይላል። «አንቺሆዬ ደግሞ የጠጅ ቤት።» በወሎ መሃል ተቀምጦ አምባሰልን የሚንቅ ሙዚቀኛ! ጎረቤቱ ሁሉ በዚህ የተነሳ ጥልቅ ሰው ነው ብሎ ያከብረው ነበር። የማይወዳቸው ነገሮች የበዙለት ሰው አዋቂ ይመስላል። እኔም ስለ ሙዚቃ እየጻፍኩ በዚሁ ዘዴ እንጀራዬን እየበላሁ ነው፤ ስለዚህ ብዙ አልፈርድበትም።

የትምህርት ቤታችን ደወል ከግራር ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። የሚደውሉት እትዬ ሐዋ ናቸው፤ ግቢውንም ይጠርጋሉ። እትዬ ሐዋ ድምፅ የላቸውም። የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው። እኛ ልጆች ሁልጊዜ ምሥጢር የሚነግሩን ይመስለን ነበር። «ክፍል ግቡ» ሲሉን እንኳ ጆሯችንን አስጠግተን እንሰማና ግራ ቀኝ አይተን በጣታችን ጫፍ እየተራመድን እንገባለን። ቸርኬውን በብረት ሲመቱት ግን አገር ይሰማል።

ከተማው ስለሳቸው የሚለው አንድ ነበር። የኪነቱ ዘፋኝ ነበሩ፤ እንደሳቸው ያለ ድምፅ በዚያ ደጋ ተሰምቶ አያውቅም፤ ኋላ የሰው ዓይን በላቸው። በዚህ ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተስማምቶ ነበር። ይህ ወሬ ሲነሳ እናቴ ብቻ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ጎመን ልትቀጥፍ ይመስለኝ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ለወላጆች ቀን ስድስተኛ ክፍል አንድ ዘፈን እንዲያቀርብ ተወሰነ። ዘፋኟ እኔ ሆንኩ። የተመረጥኩበት ችሎታ አባቴ አኮርዲዮን ያለው መሆኑ ነበር። የአማርኛ አስተማሪያችን ስለ ትምህርትና ስለ ደን ግጥም ጻፉ። አባቴ በትዝታ ቅኝት ዜማ ሰጠው።

ማለማመዱን እንደ ሥርዓት ያዘው። ከሥራ ሲመለስ እጁን በሳሙና ይታጠባል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ማንገቻውን ትከሻው ላይ ያስተካክላል። ከዚያ አንዷን ጥቁር ቁልፍ ይነካና «ከዚህች ትነሻለሽ» ይለኛል። እነሳለሁ። የመጀመሪያው ስንኝ ያስጨንቀኛል። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ዜማው ወደ ላይ ይወጣል፣ እኔ እዚያው እቀራለሁ።

«አባባ፣ አልደርስበትም።»

«ትደርሻለሽ። ድምፅ በተሳበ ቁጥር ይለምዳል።»

«ትንሽ ዝቅ ብናደርገው?»

«ዝቅ ካለ ሞተ! ዘፈን ከዚህች ሲነሳ ነው ሞገስ የሚኖረው። ሌላው መነሻ ሁሉ ጨለማ ነው።»

አመንኩት። ግንቦት ሲገባ ድምፄ ሻከረ፤ ጠዋት ስነሳ ጉሮሮዬ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስለኛል። አባቴ «እየበሰለ ነው» አለኝ። ኮራሁ። መንገድ ላይ ሰላም የሚሉኝን ሁሉ መብሰሌ እንዲሰማቸው ጮክ ብዬ እመልስላቸው ነበር።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት የጠመኔ ሣጥን ይዤ በግራሩ ሥር ሳልፍ እትዬ ሐዋ ጠሩኝ።

«ነይ እስቲ አንቺ።»

ተጠጋሁ፣ ጆሮዬን ሰጠሁ።

«ማነው እንዲህ ያሻከረሽ?»

«አባቴ እያለማመደኝ ነው፣ ለወላጆች ቀን። እየበሰለ ነው ብሎኛል።»

«ምኑ ነው የሚበስለው?»

«ድምፄ ነዋ።»

እትዬ ሐዋ የደወሉን ብረት መሬት ላይ አስቀመጡት። «ከየት ነው የሚያስነሳሽ? እስቲ አሰሚኝ።»

የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ዘፈንኩ። ፊታቸው ልውጥ አለ። አበላሽቼው ነው ብዬ አፈርኩ።

«ያችው!» አሉ። «ወላሂ ያችው ናት! ይህን ሁሉ ዓመት ከዚያች ንቅንቅ አላለም?»

የጠመኔውን ሣጥን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

«እኔን ዓይን በላት ሲሉ ሰምተሻል?»

«አዎ።»

«ዓይን አይደለም ልጄ። ያችው መነሻ ናት። አጅባር ገበያ፣ ማሻ ገበያ፣ ጭነት መኪና ላይ ቆመን፣ ማይክ የለ ምን የለ፣ ከብቱ ይጮሃል፣ ሻጩ ይጮሃል፣ አባትሽ ከዚያችው ከላይ ይነሳል። እባክህ አውርድልኝ እለዋለሁ። ከዚህች ሲነሳ ነው ሞገሱ ይለኛል። ስድስት ዓመት። አንድ ጠዋት ማሻ ላይ አፌን ከፈትኩ፣ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ይኸው እንደምትሰሚኝ።»

ጠመኔው ከእጄ ወድቆ ተሰባበረ። ያኔ ከሁሉ የባሰ የደነገጥኩበት ነገር ዛሬ ያሳፍረኛል። ስለ እትዬ ሐዋ አልነበረም። ቤታችን ውስጥ፣ እኔ በምተኛበት አልጋ ሥር፣ የሰው ድምፅ የሚያጠፋ ዕቃ ተቀምጧል ብዬ ነው። ዝንብ እንኳ በመስኮት እያወጣ የሚለቀው አባቴ ይህን አድርጓል? በአምስት ጥቁር ቁልፎች?

«አብሽሪ» አሉኝ። «ያንቺ ገና አልሄደም። አሁን ዝም ብለሽ፣ እንደምታወሪ ስምሽን ንገሪኝ።»

«ዓለም።»

«ድገሚው።»

«ዓለም።»

«እንግዲህ ስትናገሪ ያለሽባት ቦታ ያቺ ናት። ከሷ ላይ ተነሽና ዘፈኑን ዝፈኚው።»

ከዚያ ተነሳሁ። ከደረቴ ውስጥ የማላውቀው ሰው ወጣ። ወፍራም፣ ሞቅ ያለ፣ ትልቅ ሰው የመሰለ ድምፅ ነው። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ደረስኩና ወደ ላይ ወጣሁ፤ ወጥቼም ቦታ ተረፈኝ። አፌን በእጄ ያዝኩ። ወደ ኋላዬ ዞሬ የዘፈነው ማን እንደሆነ ያየሁ ይመስለኛል። እትዬ ሐዋ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ብረታቸውን አንስተው «ሂጂ፣ ደወል ደርሷል» አሉኝ።

ያን ቀን አባቴ እጁን እስኪታጠብ አልጠበቅሁትም።

«አባባ፣ ከታች እንነሳ። ከምናገርበት።»

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«እትዬ ሐዋ።»

ፎጣው እጁ ላይ ቀረ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ስንዴ ታበጥር ነበር፤ ሰፌዱን አቆመችው።

«ሐዋን ዓይን ነው የበላት» አለ አባቴ። «እኔ ነበርኩ ያንን ድምፅ እዚያ ላይ ያወጣሁት። ሰው አየው፣ በላው።»

«አንድ ቀን ብታወርድላት ምን ነበረበት?» አለች እናቴ።

«አንቺ ስለዚህ ነገር ምን ታውቂያለሽ?»

እናቴ ሰፌዱን አስቀመጠችና ወደ ጓሮ ወጣች። ስትመለስ እጇን አየሁት፤ ጎመን አልያዘችም። ከዚያ በፊትም ይዛ ገብታ አታውቅም ነበር።

አባቴ የሚዋሸኝ መሰለኝ። ልቤ ቆረጠ። ሰው ሁሉ ባለበት ከታች እነሳበታለሁ፤ ከዚያ በኋላ መውረዱ ግድ ነው። ያቺን በግራሩ ሥር ያገኘኋትን ድምፅ ለማንም አልሰጥም። ለአንድ ወር ያህል አባቴ ፊት በሱ መነሻ፣ ወንዝ ስወርድ በራሴ መነሻ ዘፈንኩ።

የወላጆች ቀን ሰኔ ላይ ነበር። ጠዋት የጣለው ዝናብ ሜዳውን ስላጨቀየው የባሕር ዛፍ ቅጠል ተጎዝጉዞበታል። ሰው ጃንጥላ እንደያዘ ቆሟል። አባቴ አንዷን ኮቱን ለብሶ ወንበር ላይ ተቀመጠና ወናፉን ሲከፍተው ሰው አጉረመረመ፤ ያን መሣሪያ የሚያውቁት ብዙ ነበሩ። እትዬ ሐዋ ከሰው ጀርባ ግራሩ ሥር ቆመዋል።

አባቴ መግቢያውን ተጫወተ። እኔ ከታች ተነሳሁ።

ሁለት ዘፈን እንደ ሁለት በግ ተላተመ። ልጆቹ ሳቁ። አባቴ ፈገግ አለልኝ፤ ተሳስቼ መስሎት ነው። እንደገና ከመግቢያው ጀመረ። እንደገና ከታች ተነሳሁ። አሁን ገባው። ጆሮውን ወደኔ አዘነበለ፤ ከዚያ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቱ ወደ ነጮቹ ወረደ።

አንዷን ነካ። አይደለችም። ቀጣይዋን ነካ። እሷም አይደለችም። ሁለቱን አንድ ላይ ነካ፤ መሣሪያው እንደ ታመመ ሰው አቃሰተ።

«ኧረ ጋሼ በላቸው፣ ያዛት እንጂ አመለጠችህ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ከተማ ገብታለች፣ በአውቶቡስ ተከተላት!» አለ ሌላው። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። የተቆጣ ፊቱን አውቀዋለሁ፣ የደከመ ፊቱን አውቀዋለሁ። ይህን ግን ከትምህርት ቤት ነው የማውቀው። ሒሳብ ሳይሠራ መጥቶ ሰሌዳ ፊት የቆመ ተማሪ ፊት ነው። ጣቱ ነጮቹ ላይ ተንጠልጥሏል። ያኔ ገባኝ። አባቴ አያውቅም! እምቢ ብሎ አይደለም። ንቆ አይደለም። ሞገስ፣ ጨለማ፣ የሽማግሌ ዜማ፣ የጠጅ ቤት፣ ያ ሁሉ ንግግር ለአንድ ነገር የተሰፋ ልብስ ነበር። ቤታችን ውስጥ ሙዚቃ ማለት እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ከአምስት ቁልፎች ውጭ አንዲት ቦታ አያውቅም።

አሰብኩበት ብል ውሸት ነው። ድምፄን ብተው ምን እንደሚሆን ለአንድ ወር በደንብ አውቄ ነበር። ቢሆንም ያን ፊት አንዲት ደቂቃ ተጨማሪ ማየት አልቻልኩም። ወጣሁለት። ዓይኔን ጨፍኜ ከሱ መነሻ ጀመርኩ። ጣቶቹ ከነጮቹ ላይ ሸሽተው ጥቁሮቹ ላይ ሲያርፉ ሰማሁ፤ የመሣሪያው ትንፋሽ ተስተካከለ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ጉሮሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ጨርቅ ተቀደደ። ሻካራው ድምፅ ለሰው ከልብ የወጣ መሰለው፤ አንዳንድ እናቶች እንባቸውን ጠረጉ። ጭብጨባው ረጅም ነበር። አባቴ ተነስቶ እጅ ነሳ።

ሰው ሲበተን ወደ ግራሩ ሄድኩ። እትዬ ሐዋ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። የሚሰድቡኝ መስሎኝ ነበር።

«አየሽው?» አሉኝ ሳይዞሩ።

«ምኑን?»

«እንደማያውቅ።»

«እርስዎ... ያውቁ ነበር እንዴ?»

«በመጀመሪያው ዓመት ነው ያወቅሁት። አጅባር ላይ አንዴ ከታች ተነሳሁበት። ልክ እንደ ዛሬው ነጯን ፈለገ። ገበያው ሳቀበት። ፊቱን አየሁት።» ዞሩ። «ከዚያ ወጣሁለት።»

«ስድስት ዓመት?»

«ስድስት ዓመት።»

ለአንድ ወር ሙሉ ቁጣ አጠራቅሜ ነበር። አባቴን በዳይ፣ እሳቸውን ተበዳይ አድርጌ ጨርሼዋለሁ። አሁን ቁጣዬን የማስቀምጥበት ቦታ ጠፋኝ። እያወቁ! ማንም ሳያስገድዳቸው፣ በየገበያው፣ በየሳምንቱ!

«ለምን ለሰው አልነገሩም?»

«ምን ብዬ? አኮርዲዮኑን አይችልም ልበል? ልጆች ያሉት ሰው ነው፣ በመሣሪያው ነበር የሚከበረው። ዓይን በላት ሲሉ ጊዜ ዝም አልኩ። የዓይን ጥሩነቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም።» ብረታቸውን አነሱ። «የእኔስ አልፏል። አንቺ ግን ስንት ዓመት ልትወጪለት ነው?»

ቸርኬውን መቱት፤ ጆሮዬ እስኪደነቁር አጠገቡ ቆምኩ።

ቤት ስገባ አባቴ አኮርዲዮኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጥቁሮቹን በጨርቅ ይወለውል ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

«የሳትሽው መግቢያው ላይ ብቻ ነው» አለኝ። «ኋላ ግን አየሽ፣ ራስሽ መጣሽ። መስከረም ላይ ሌላ እናወጣለን።»

እናቴ ከበሩ ላይ ታየኛለች። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ሁለት ጊዜ ዋጥኩት፤ ጉሮሮዬ አመመኝ።

«አባባ፣ እኔ መዝፈን አልወድም።»

ጨርቁ ቆመ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣም። ወናፉን በቀስታ ዘጋው፣ ማሰሪያውን ቆለፈው፣ ሣጥኑ ውስጥ አስገባው።

«አይ ዓለሜ» አለ። «ምን ያደርጋል! ለዚህች መነሻ ብሎ የተሠራ ድምፅ በዕድሜዬ የሰማሁት ሁለት ብቻ ነው።»